እንዝራና ቱዩብ፦ የሻካራ ድምፅ ታሪክ ከዊንጌት ሲታይ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ስፒከር ሁሉ ሞንታርቦ ነው። የሠርግ ድንኳን ሥር የሚያጓራው ሞንታርቦ ነው፤ መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ሎተሪ የሚያስተዋውቀው ሞንታርቦ ነው፤ ምሽቱን ሙሉ የስብከት ድምፅ እስከ መኝታ ቤታችን የሚልከውም ያው ሞንታርቦ ነው። ቃሉ የአንድ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነበር። ዕቃው ገባ፣ ተለመደ፣ ስሙ ከፋብሪካው ተላቀቀና አማርኛ ሆነ። ዛሬ የቻይና ስፒከር ገዝቶ «ሞንታርቦ ገዛሁ» የሚል ሰው አልተሳሳተም።

ማርሻል ግን አማርኛ አልሆነም። ዊንጌት አደባባይ ቆማችሁ አንድ ትልቅ ሰው ፊት «ማርሻል» ብትሉ፣ የሚመጣባቸው የጦር ማዕረግ ነው። ሜሳ ቡጊ፣ ሶልዳኖ፣ ፒቪ ብትሏቸውማ የመድኃኒት ስም ይመስላቸዋል። እነዚህ ግን የሄቪ ሜታል ጊታር ድምፅ የተሠራባቸው ማሽኖች ስሞች ናቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ዓለምን ያናወጠ ድምፅ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ስም እንኳ ሳይተውልን አለፈ።

ለምን? ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄም አለ። ዛሬ ጉለሌ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ሜታል የሚለማመድ ልጅ «ይሄ እኮ የኛ አይደለም» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ፤ እሱም ከሚጠበቀው በላይ ለዊንጌት የቀረበ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትራንዚስተርን የሚቀድም ትምህርት ቤት

ከሰፈሩ ስም እንጀምር። ኦርድ ዊንጌት እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነበር። በ1941 ጌዴዎን የተባለውን ጦር መርቶ፣ ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል ጣሊያንን ተዋጋ። በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተጠራው ትምህርት ቤት ጉለሌ ላይ የተከፈተው በ1946 ነው። ሰፈሩም፣ አደባባዩም፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪም ስሙን የወረሱት ከትምህርት ቤቱ ነው። ግቢው ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው።

ያንን 1946 ያዙልኝ። ትራንዚስተር የሚባለው ትንሹ ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው በታኅሣሥ 1947 ነው። ስለዚህ ዊንጌት ትምህርት ቤት ትራንዚስተርን ይቀድመዋል። በሩ በተከፈተበት ዓመት የሬዲዮ ጣቢያውም፣ የሲኒማ ቤቱም፣ የአደባባዩ ድምፅ ማጉያም የሚሠራው በቱዩብ ነበር።

ቱዩብ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ሲያዩት አምፖል ይመስላል። ውስጡ ያሉትን ሦስት ነገሮች ብቻ አስቡ፦ የሚግል ብረት፣ መሀል ላይ ወንፊት የመሰለ ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ ኤሌክትሮን የሚቀበል ሳህን። ብረቱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ሳህኑ ላይ ያለው ከፍተኛ ቮልት ወደ ራሱ ይስበዋል። ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ምልክት የሚገባው ወንፊቱ ላይ ነው። ወንፊቱ እንደ ስታዲየም በረኛ ነው፦ እጁን ትንሽ ሲያንቀሳቅስ ብዙ ሕዝብ ይገባል ወይም ይቆማል። ትንሹ ምልክት ትልቁን ጅረት ያዝዘዋል። ማጉላት ማለት በቃ ይኸው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ምልክቱ ሲበዛ ነው። በረኛው በሩን ወለል አድርጎ ከከፈተ በኋላ ከዚያ በላይ ሊከፍት አይችልም፤ ጥርቅም አድርጎ ከዘጋውም ከዚያ በላይ ሊዘጋ አይችልም። የድምፁ ሞገድ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል። ቁርጡ ደግሞ ባዶ አይተውም፤ መጀመሪያ ያልነበሩ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ይረዝማል። መሐንዲሶቹ ዲስቶርሽን አሉት፤ ትርጉሙ መዛባት ነው። ለእነሱ ስሕተት ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈላቸውም ይህንን ለማጥፋት ነው።

ስሕተቱን የወደዱ ሰዎች

ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ የከበሮ አስተማሪና የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ነበር። በ1962 ከባልደረቦቹ ጋር ፌንደር ቤዝማን የሚባለውን የአሜሪካ አምፕ መነሻ አድርገው ጄቲኤም 45ን ሠሩ። በ1965 ዘ ሁ የተባለው ባንድ ሙዚቀኞች ከዚያም የሚጮህ ሲጠይቁ 100 ዋት የሆነው መጣ። ዓላማው ጩኸት ብቻ ነበር፤ አዳራሹ ሰፍቷል፣ ተመልካቹ በዝቷል። ጊታሪስቶቹ ግን አምፑን እስከ መጨረሻው ሲከፍቱት የሚመጣውን መሻከር ወደዱት። ስሕተቱ መፈለጊያ ሆነ።

በ1965 ደግሞ በርሚንግሃም ውስጥ ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ በብረት ፋብሪካ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ላይ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ልጁ ጊታር ይጫወት ነበር። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቆቡ ክሩን እንዲይዝለት ላዩ ላይ ከአሮጌ ጃኬት የተቆረጠ ቆዳ ለጠፈበት። ይህችን ቆዳ አትርሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን። ጣቱ ስለሚያመው ቀጫጭን ክር አሰረ፤ ቆይቶም የጊታሩን ክሮች አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። ሌኒ የሚባል በከተማው የሚሠራ ቱዩብ አምፕ ፊት ቆሞ የሚያወጣው ድምፅ ወፍራምና ጨለማ ሆነ። የባንዱ ስም ብላክ ሳባዝ ነው፤ የመጀመሪያው አልበማቸው በየካቲት 1970 ወጣ። ብዙዎች ሜታልን ከዚያ ቀን ይቆጥሩታል።

እስከዚህ ድረስ ድምፁን ለማሻከር አምፑን እስከ ጣሪያ መክፈት ግድ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ራንዳል ስሚዝ የተባለ አምፕ ጠጋኝ ይህን ቀየረው። አንዱ ቱዩብ ያጎላውን ለሚቀጥለው መስጠት፣ የሚቀጥለው ያጎላውን ደግሞ ለሦስተኛው፤ በየመሀሉ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ማስገባት። ልክ እንደ ቅብብሎሽ ሩጫ። አሁን መሻከሩ የሚፈጠረው መጀመሪያ ላይ ባሉት ትንንሽ ቱዩቦች ነው፤ የመጨረሻውን ጩኸት ግን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሜሳ ቡጊ የሚባለው ይኸ ነው፤ ሃይ ጌይን የምንለው አሠራርም መሠረቱ እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ፈጣን ነው። በ1981 ማርሻል ጄሲኤም 800ን አወጣ። በ1987 ማይክ ሶልዳኖ ባለ 100 ዋቱን ኤስኤልኦ ይዞ መጣ። በ1992 ፒቪ ከኤዲ ቫን ሄለን ጋር የሠራው 5150 ገበያ ላይ ዋለ፤ የሜሳ ዱዋል ሬክቲፋየርም የዚያው ወቅት ልጅ ነው። የእነዚህ አምፖች ምሥጢር ጌይን ማብዛት ብቻ አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ ሳይቀነስ ቢሻከር እንደ ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ዲዛይነሮቹ ከመሻከሩ በፊት ባሱን ይቀንሳሉ፣ ከተሻከረ በኋላ መልሰው ይጨምራሉ። ፈጣኑ የሜታል ምት አንድ በአንድ ተለይቶ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመታት፣ እዚህ

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1960ዎቹ ከተማው ከማንም አያንስም ነበር። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ትራምፔትና ሳክስፎን ያለ መብራት ይጮኻሉ፤ ጊታር ግን አጠገባቸው ያለ አምፕ አይሰማም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር አምፑን ይዞ ገባ። አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው ጣቢያ የሬዲዮ ሙዚቃውን፣ ሸክላውንና የክለብ ባህሉን አስፋፋ። በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማተም ጀመረ። የሆቴል ባንዶች በዙ።

ከእነዚህ ውስጥ አይቤክስ ባንድን ውሰዱ። የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» ያጀበው እሱ ነው። ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም፣ የቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነበሩ። በ1976 ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቀረጹት ያለ ዘፋኝ የሆነ ሙዚቃ ዛሬ በውጭ አገር እንደገና ታትሞ ወጣቶች ይሰሙታል። ሰላም ሥዩም የታሪክ ተማሪም ነበር፤ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥ ጥናት ጽፏል። ጊታሩን ስትሰሙት ዋህ ፔዳሉ እንደ ሰው ሲያወራ ትሰማላችሁ። ድምፁን ማጣመም፣ ማስለቀስ፣ ማስጮኽ አይፈሩም ነበር። ከዚያ ወደ ከባዱ ሮክ የቀረው አንድ እርምጃ ነበር።

ያ እርምጃ አልተረገጠም። በ1974 ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ለቀቀ። የምሽት ሕይወት ሆቴሎች ውስጥ ተዘግቶ ቀረ፦ የገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሮሃ፣ ዋልያስ፣ ዳህላክ፣ ኢትዮ ስታርስ ሙዚቃውን በሕይወት ያቆዩት እንዲህ ነው። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ግን አስቡት፤ እንዲህ ያለ አዳራሽ የሚፈልገው ዳንስና ትዝታ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው ጎረቤት እያስለቀሱ አዲስ ጩኸት የሚሞክሩ የ16 ዓመት ልጆች በዚያ ዘመን ሊኖሩ አይችሉም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ መሰብሰቡ ራሱ ነፍስ የሚያስከፍልባቸው ዓመታት ነበሩ።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ማርሻል ጄሲኤም 800ን ባወጣበት በ1981 ዋልያስ ባንድ ለጉብኝት አሜሪካ ሄደ፤ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን ሙዚቃ ቀረጸ፤ ሙሉ ባንድ አልነበረውማ። ሶልዳኖ በ1987 አምፑን ሲሠራ እዚህ ሰዓት እላፊ ነበር። ደርግ በ1991 ወደቀ፤ 5150 በ1992 ተሸጠ። የሃይ ጌይን አምፕ ታሪክ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ያለው ዘመን እና የእኛ 17 ዓመት ከሞላ ጎደል አንድ ላይ የሚገጥሙ ናቸው።

ሰዓት እላፊው ሲነሣ ደግሞ ሌላ ዕቃ ቦታውን ይዞ ነበር፤ ኪቦርድ። አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር የሰባት ሰው ባንድ ሥራ ይሠራል፤ ለክለቡም ይረክሳል። ጊታር አልጠፋም፤ ግን ንጹሕና ጨዋ ሆኖ ከኋላ ተቀመጠ።

ወደ ሻካራው ድምፅ የመለሱን ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ መጡ። አንዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው፤ መሣሪያቸው እንደ ፎካሪ ጉሮሮ ያጓራል። በ2006 ዘ ኤክስ ከሚባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። ከሳክስፎናቸው ጎን የተሻከሩ ጊታሮች ቆሙ፤ የሚገርመው ግን ማንም ማንንም አላስቸገረም። ሁለተኛው የወጣቶች መንገድ ነው። በ2012 ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሮክ ጊታርና የአገር ቅኝት በአንድ አልበም በአደባባይ ተሰማ። በዚያው ዓመት ዩካንዳንዝ የተባለው የፈረንሳይ ባንድ ከድምፃዊ አስናቀ ገብረየስ ጋር «ይቻላል»ን አወጣ፤ እዚያ ጊታሩ ወደ ሜታል ጠርዝ ይደርሳል።

ሠርጋችንና ሰይጣናቸው

«የሰይጣን ሙዚቃ» የሚለውን ክስ ሜታል የሚሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከእናት ይመጣል፣ ከአከራይ ይመጣል፣ ከጓደኛም ይመጣል። ክሱ በከፊል በልብስና በሥዕል ምክንያት ነው፤ በከፊል ግን በድምፁ ራሱ ነው። ድምፁን እንየው።

በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ «ዲያብሎስ በሙዚቃ ውስጥ» የሚል ቅጽል የተሰጠው የድምፅ ርቀት አለ። ትራይቶን ይባላል፤ ለምሳሌ ከሲ እስከ ጂ ፍላት ያለው ነው። ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱት በዚህ ርቀት ነው፤ ሰውን ለማስፈራራት አስበው። አሁን የራሳችንን አንቺ ሆዬ ቅኝት ከሲ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ሲ እና ጂ ፍላት ሁለቱም አሉ። ያ ርቀት እኛ ጋ የሠርግ ዘፈን ውስጥ ይሰማል። እነሱ ሰይጣን ያሉትን እኛ ሙሽራ ተቀብለንበታል። አምባሰልም ቢሆን ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትል ሁለተኛ ኖታ አለችው፤ የሜታል ጊታሪስቶች ሪፍ ሲሠሩ በጣም የሚወዷት ኖታ ናት።

ለተሻከረ አምፕ የሚስማማውና የማይስማማው ነገርም በሒሳብ ይታያል። ሁለት ኖታ አብረው ሲሻከሩ የድግግሞሻቸው ልዩነትና ድምር አዲስ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ገደማ ነው፤ አምስተኛው ኖታ 123 ገደማ። ልዩነታቸው 41 ይመጣል፤ ይህ የመጀመሪያው ኖታ ግማሽ ነው፣ ማለትም ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ጊታሩ የሌለውን ባስ አምፑ ፈጠረለት ማለት ነው። ፓወር ኮርድ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ኖታ የያዘ ኮርድ ሲሻከር ግን ድምሩና ልዩነቱ እርስ በርሱ ይጋጭና ይንጫጫል። የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በባህሉ ኮርድ የሚደራርብ አይደለም፤ አንድ የዜማ መስመር ይዞ የሚሄድ ነው። ሻካራ አምፕ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቆዳዋ

ከዊንጌት ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ እዩ፤ እንጦጦ ነው። በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ የተወለዱት እዚያ ነው።

በገና 10 አውታር አለው። አውታሮቹ በርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ አውታርና ከበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ስሟ እንዝራ ነው። አውታሩ ሲመታ ነጻ ሆኖ አይርገበገብም፤ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ቆዳዋን ነክቶ ይመለሳል። ሞገዱ ይቆረጣል። ከቁርጡ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ይረዝማል። ደርዳሪው ቆዳዋን በጣቱ ጥቂት ወደዚህ ጥቂት ወደዚያ እየገፋ ያ ጥዝታ እስኪመጣ ይፈልጋል። ጥዝታው ካልመጣ በገናው ገና አልተቃኘም።

ከላይ ስለ ቱዩብ የጻፍኩትን ደግማችሁ ብታነቡት ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ወፍራም ድምፅ ለጆሮ ደካማ ነው። ቀጫጭን ድምፆች ሲታከሉበት ጆሮ ያገኘዋል፣ ከቤቱ ሁሉ ይሞላል። በርሚንግሃም ያለው ልጅ ቆዳዋን ጣቱ ላይ ለጠፋት፤ የእኛ አባቶች ከእሱ በብዙ ዘመን ቀድመው አውታሩ ሥር አስገቧት። ምክንያቱ የተለያየ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁለቱም ጋ የከበደ ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በገና ጸሎት ነው፤ ሜታል ጸሎት አይደለም። በዐቢይ ጾም የሚደረደረውን ከመድረክ ጩኸት ጋር አንድ ማድረግ ለሁለቱም ነውር ነው። እኔ የምለው ስለ ጆሮ ነው። ይህ አገር ሻካራ ድምፅ ሲሰማ ስሕተት ነው አላለም፤ ክቡር ነው ብሎ ለክቡር ነገር መረጠው። ንጹሕ ድምፅ ብቻ ነው የኛ የሚል ሰው በገናን አልሰማም፣ ሽለላንም አልሰማም። በደርግ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ተቋርጦ እንደነበርም እናስታውስ። ጊታሩን ያስጨነቀው ዘመን በገናንም አልማረም።

220 ቮልት

አሁን ወደ ተግባሩ እንውረድ። ዛሬ ዊንጌት ያለ ልጅ ቱዩብ አምፕ ቢያገኝስ?

መጀመሪያ የሚገጥመው መብራት ነው። ለአሜሪካ የተሠራ አምፕ 120 ቮልት ይጠብቃል፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ሳያዩ የሰኩት ቀን ፊውዝ ብቻ ከተቃጠለ እድለኛ ናችሁ። 220 የሚቀበል ቢሆንም የቱዩቡን ብረት የሚያግለው ጅረት 6.3 ቮልት መሆን አለበት፤ ምሽት ላይ ኃይል ቀንሶ ሶኬቱ 180 ቢደርስ ያ 6.3 ወደ 5.1 ገደማ ይወርዳል። ይህ ቱዩቡ ከሚታገሠው በታች ነው። ስለዚህ ለፍሪጅ የምትገዙት ስታቢላይዘር ለአምፑም ግዴታ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ኤዲ ቫን ሄለን የታወቀውን ድምፁን ለማግኘት ሆን ብሎ በመሣሪያ ቮልቱን ወደ 90 ገደማ ያወርድ ነበር። እሱ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን እኛ በነጻ እናገኘዋለን፤ ችግሩ ሰዓቱን የምንመርጠው እኛ አለመሆናችን ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ቱዩብ ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በ2022 የሩሲያው ሲስተጓጎል ዓለም ሁሉ ተጨንቆ ነበር። እኛ ደግሞ በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ እንዳያመጣው ደግሞ 100 ዋቱ አምፕ ሌላ ሻንጣ የማያስይዝ ክብደት አለው።

ሦስተኛው ግድግዳ ነው፤ ቀጭኑ የጋራ ግድግዳ። እዚህ ጋ ግን ሒሳቡ ከእኛ ጋር ነው። ጆሮ ጩኸት በእጥፍ ጨመረ እንዲል ዋቱ 10 ጊዜ መብዛት አለበት። ስለዚህ 10 ዋት የ100 ዋትን ግማሽ ያህል ይጮኻል እንጂ አንድ አሥረኛ አይደለም። ለአንድ ክፍል ቤት 1 ዋትም ከአከራይ ጋር ለመጣላት ይበቃል። መሻከሩ የሚፈጠረው ከመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ቱዩቦች ነው ብለናል፤ ትልቁ ግንብ የሚያክለው ሳጥን ለስታዲየም የተፈለገ እንጂ ለድምፁ ግዴታ አይደለም።

ከዚህም ያነሰ መንገድ አለ። ዛሬ የእነዚያን አምፖች ድምፅ በስሌት የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ጆሮ ማዳመጫ በቂ ነው። ድምፁ በጣም ይቀራረባል። የሚጎድለው የአየሩ ግፊት ነው፦ ስፒከሩ ጊታሩን መልሶ ሲያንቀጠቅጠው፣ ክሩም ራሱን ይዞ ሲቆይ። ያ በጆሮ ማዳመጫ አይመጣም። ስለዚህ ከዕቃው ይበልጥ የጎደለን ለመጮኽ የሚፈቀድበት ክፍል ነው እላለሁ። ለሞንታርቦ መንገዱ ሁሉ ተፈቅዶለታል፤ አራት ልጆች ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት የሚለማመዱበት ቦታ ግን ብርቅ ነው።

ስለ መሥራትስ? ቱዩብ አምፕ እንደ ስልክ አይደለም፤ በእጅ ይሠራል፣ በእጅ ይጠገናል። ክፍሎቹ በዓይን ይታያሉ፣ በካውያ ይበየዳሉ። ሳጥኑን የጉለሌ አናጺ ይሠራዋል። ከሁሉ አስቸጋሪው ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱም ቢሆን የመዳብ ሽቦ በብረት ልብ ላይ መጠምጠም ነው፣ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ እጆች ደግሞ በዚህ ከተማ አሉ። ከውጭ የግድ መምጣት ያለባቸው ቱዩቦቹና ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በደንብ ይሰማ፦ ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል፤ ይገድላል። ይህ ዩቲዩብ እያዩ ብቻ የሚጀመር ሥራ አይደለም። የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

ሰፈራችን ደግሞ ስሙን የወሰደው ከትምህርት ቤት ነው፤ ያውም ቱዩብ በነገሠበት ዓመት ከተከፈተ፣ ዛሬም እጅን ከሚያሠለጥን ትምህርት ቤት። ዕውቀቱ የሰማይ ያህል የራቀ አይደለም። «የኛ አይደለም» ለሚለው ሰው ደግሞ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። በገና ያለበት ቤት ወስዶ እንዝራዋን በጣት ገፋ አድርጎ ማሳየት ይበቃል።